በሌሊት የመጣው መምህር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የዐቢይ ጾም 7ኛው ሰንበት ኒቆዲሞስ ይባላል። ቤተ ክርስቲያናችን ሳምንቱን በዚህ ሰው ስም የሰየመችው በከንቱ አይደለም። ኒቆዲሞስ ፈሪሳዊ ነው፥ የአይሁድ አለቃ ነው፥ የእስራኤል መምህር ነው። እንዲህ ሆኖ ሳለ ለመማር በሌሊት ወደ ጌታችን መጣ (ዮሐ. 3፥1-21)። ስለ ዳግም ልደት ሲነገረው አልገባውም፤ እንዳልገባውም አልደበቀም፥ ጠየቀ። እስቲ አስቡት፥ መምህር ተብሎ ለሚከበር ሰው ይህ ቀላል ነው?

እኔ በልጅነቴ በአብነት ትምህርት ቤት ከፊደል ተነሥቼ፥ ውርድ ንባቡን ቁም ንባቡን አልፌ ዳዊት ደገምኩ። ፍጥነቴ ይደነቅልኝ ነበር። አንድ የጾም ቀን እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ ስታዳምጥ ቆየችና «ልጄ፥ አሁን ያነበብከው ምን ማለት ነው?» አለችኝ። ግእዙን እንጂ ምሥጢሩን አላውቅምና ዝም አልኩ። እርሷ ፊደል አልቆጠረችም፤ እኔ ከቆጠርኩት ግን አንዲት ቃል እንኳ አልደረሳትም። በዚያ አፍሬ ተመልሼ ከመምህር እግር ሥር ተቀመጥኩ። ትርጓሜውን ይዤ ስመለስ እናቴ ዐርፋ ነበር።

ታዲያ ኒቆዲሞስ የተማረውን ምን አደረገበት? በሸንጎ ጌታችንን ሳይሰሙ ሊፈርዱበት ሲነሡ፥ ሕጉ ይህን አይፈቅድም ብሎ ተናገረ፤ ተዘለፈበትም (ዮሐ. 7፥50-52)። በዕለተ ዓርብ ብዙዎች በሸሹ ጊዜ 100 ነጥር ያህል ከርቤና እሬት ይዞ፥ ከአርማትያሱ ዮሴፍ ጋር ሊገንዘው መጣ (ዮሐ. 19፥39)። አያችሁ፥ በሌሊት የተማረው በቀን ታየ። የትምህርት ፍሬው ይህ ነው።

ወንድሜ ሆይ፥ እኅቴ ሆይ፥ በዚህ ጾም ብዙ ምዕራፍ ለመቁጠር አንሩጥ። ለአንድ ሳምንት ዮሐንስ ምዕራፍ 3ን ብቻ እንያዝ። ከማንበባችን በፊት «ይህን የምማረው ሕይወቴ ውስጥ ምኑን ለማቅናት ነው?» ብለን ራሳችንን እንጠይቅ። ያልገባንን በወረቀት ጽፈን ለንስሐ አባታችን ወይም ለሰንበት ትምህርት ቤት መምህራችን እናቅርብ፤ መጠየቅ አያሳፍርም። የገባንን ደግሞ ሳይውል ሳያድር በሥራ እናውለው። በመሥሪያ ቤት ወይም በሰፈር ሰው በሌለበት ሲታማ፥ «እስቲ መጀመሪያ እርሱንም እንስማው» ማለት የኒቆዲሞስ ደቀ መዝሙር መሆን ነው።

ቤታችን ውስጥም ትርጉሙን የሚጠይቁን አሉ፤ እናት አለች፥ ልጅ አለ። ሳይመሽ እንማርላቸው።

አምላከ ቅዱሳን የኒቆዲሞስን ትሕትናና ጽናት ያድለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር
ወለወላዲቱ ድንግል
ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።