የምናቅፈው ሰው ሐቅ

 

የዛሬ ጥያቄያችን ቀላል ይመስላል። አንድ አባት ልጁን ከልቡ የሚወደው ከሆነ፣ አቅፎ ባይስመው ምን ይጎድላል? ፍቅር የልብ ጉዳይ አይደለም እንዴ?

ብዙዎቻችን ያደግነው «ምንም አይጎድልም» በሚል መልስ ነው። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ደጋ አባት ልጁን መውደዱን የሚናገረው በእርፉ ነው። አርሶ ያበላል፤ በሬ ሸጦ ያስተምራል። ልጁ ገና ሕፃን ሳለ በአንቀልባ ከእናቱ ጀርባ አይወርድም። እረኛ ሲሆን ግን እቅፉ ይቀራል፤ «እንዳይሞላቀቅ» ይባላል። ከዚያ አንድ ቀን ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማ ወይ ወደ ሑመራ ሊወርድ ሲነሳ፣ እህቱም ወደ ዐረብ አገር ስትሄድ፣ መኪናው ሊንቀሳቀስ ሲል እቅፍ ይደረጋሉ። ለስንት ዓመት የተጠራቀመ ፍቅር በአንዲት ደቂቃ ይፈሳል።

ይህ ጥያቄ በረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ዘመንም ተነስቶ ነበር። የልጅ ልጃቸውን ሐሰንን ሲስሙ አቅረዕ ኢብኑ ሓቢስ አያቸው። እሱ ዐሥር ልጆች እያሉት አንዱንም ስሞ እንደማያውቅ ተናገረ። አፍሮ አልነበረም፤ እንደ ወግ ቆጥሮት ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ግን ወደ እሱ ተመልክተው፣ የማያዝን ሰው እንደማይታዘንለት ነገሩት። ልብ በሉ፦ «ልጆችህን አትወድም» አላሉትም። ስለ ልቡ አልተከራከሩትም። እዝነት ወደ እጅና ወደ ከንፈር መውጣት እንዳለበት ግን አሳዩት።

ለምን? አንደኛው መልስ በራሳችን አካል ውስጥ አለ። ስንደነግጥ ወይም ስንጨነቅ አንጎላችን መልእክት ይልካል፤ ከኩላሊታችን በላይ የተቀመጡት ትናንሽ ዕጢዎች አድሬናሊንና ኮርቲሶል የሚባሉ ሆርሞኖችን ይረጫሉ። ልብ ይመታል፤ ጡንቻ ይወጠራል። ኮርቲሶል በራሱ ጠላት አይደለም። ጠዋት ከእንቅልፋችን ስንነሳ ከፍ ብሎ ለቀኑ የሚያዘጋጀን እሱ ነው። ችግሩ ፍርሃቱ ሳይበርድ ሲከርም ነው። ያኔ እንቅልፍ ይጠፋል፤ የማስታወስ ችሎታና በሽታን የመከላከል አቅምም ይጎዳሉ። የሚወዱት ሰው እቅፍ ከሚያበርዱት ነገሮች አንዱ ነው። አካል ሲረጋጋ ከአንጎል የሚለቀቅ ኦክሲቶሲን የተባለ ሆርሞንም አለ፤ እናት ስታጠባ ወተቱ እንዲወርድ የሚያደርገው ይኸው ነው።

ይህ ወሬ ብቻ እንዳይመስለን ወደ አገራችን እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ1978 በቦጎታ፣ ኮሎምቢያ፣ ዶክተር ኤድጋር ሬይ የማሞቂያ ሳጥን ባነሰበት ሆስፒታል ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን በእናታቸው ደረት ላይ፣ ቆዳ ለቆዳ ማስያዝ ጀመሩ። ዘዴው የካንጋሮ እናት እንክብካቤ ተባለ። በአዲስ አበባም ዶክተር ቦጋለ ወርቁና ባልደረባቸው ይህንኑ ክብደታቸው ዝቅተኛ በሆኑ ሕፃናት ላይ ፈተሹት፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2005 ታተመ። በጊዜ እናታቸው ደረት ላይ ከተደረጉት ሕፃናት መካከል በሕይወት የቀሩት ከሌሎቹ ይበልጡ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ይህ እንክብካቤ ከወሊድ በኋላ ወዲያው እንዲጀመር መከረ። አያቶቻችን በአንቀልባ ልጅ ሲያዝሉ የሆርሞን ስም አያውቁም ነበር። ልጅ ገላ እንደሚፈልግ ግን ያውቁ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ብልህ ወጣት እንዲህ ብሎ ሊጠይቅ ይችላል፦ «ታዲያ እቅፍ መድኃኒት ከሆነ፣ የምናቅፈው ለሆርሞን ነው ማለት ነው? ፍቅር ወደ ክኒን አልወረደም?»

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱን ግን ሳይንሱ ራሱ ይጠቁማል። እ.ኤ.አ. በ2006 ጀምስ ኮን የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ 16 ያገቡ ሴቶችን ቀለል ያለ የኤሌክትሪክ ንዝረት ሊደርስባቸው እንደሚችል እየነገሩ አንጎላቸውን በመሣሪያ ተመለከቱ። የባላቸውን እጅ የያዙት ሴቶች አንጎል ለስጋቱ የሰጠው ምላሽ የማያውቁት ሰው እጅ ከያዙበት ጊዜ የበለጠ ረገበ። ትዳራቸው መልካም በሆነ ቁጥርም እርጋታው ጨመረ። እጅ ያው እጅ ነው፤ ቆዳም ያው ቆዳ ነው። ልዩነቱ መተማመን ነው። ሆርሞኑ ትርጉሙን ይከተላል እንጂ ትርጉሙ ሆርሞኑን አይከተልም። ኒያ የሌለበት እቅፍ ባዶ ነው የምንለው ለዚህ ነው።

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከሒራእ ዋሻ እየተንቀጠቀጡ ሲመለሱ መጀመሪያ የጠየቁት ምክር አልነበረም። ሸፍኑኝ አሉ። ሸፈኗቸው። ፍርሃቱ ሲለቃቸው የሆነውን ለእናታችን ኸዲጃ (ረ.ዐ) ነገሯት፤ እሷም መልካም ሥራቸውን እየቆጠረች አጽናናቻቸው። ቅደም ተከተሉን እዩት፦ መጀመሪያ አካል ተረጋጋ፤ ቃሉ ከዚያ መጣ። እኛ ብዙ ጊዜ የተጨነቀ ወንድማችንን የምንቀበለው በምክር ጋጋታ ነው፤ «ሶብር አድርግ» ብለን እንሄዳለን። ገና እየተንቀጠቀጠ ያለ ሰው ግን ምክርን አይሰማም።

ነገር ግን አንድ ከባድ እውነት አለ፤ ዘለን ልናልፈው አይገባም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የጋይንቷ ነፋስ መውጫ ከተማ በጦርነቱ ተይዛ ነበር። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በታጣቂዎች መደፈራቸውን የነገሩትን የ16 ሴቶች ምስክርነት በ2014 ዓ.ም. አወጣ። እንዲህ ያለ በደል ለደረሰባት እህት ድንገተኛ እቅፍ፣ ከሚወዳትም ሰው ቢሆን፣ ፍርሃቱን ሊቀሰቅስ ይችላል። «እቅፍ ጭንቀትን ያበርዳል» ብሎ በደፈናው መናገር ለእሷ አይሠራም።

እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ እዚህ ይገኛል። እቅፍ ሐቅ ነው፤ የማን ሐቅ ነው ስንል ግን የሚታቀፈው ሰው ነው። ሕፃኑ መታቀፍ ይገባዋል፤ ስለዚህ አባት ዕዳ አለበት። ያረጀች እናት እጇ እንዲያዝ፣ ጉልበቷ እንዲሳም ይገባታል፤ ስለዚህ ልጅ ዕዳ አለበት። ማንም ሰው ግን «እኔ ላቅፍሽ መብት አለኝ» ማለት አይችልም። የሰው ገላ አማና ነው። ዲናችን በመሕረምና መሕረም ባልሆነ ሰው መካከል ድንበር ያሰመረውም ከዚህ ጋር ይሄዳል፤ ድንበሩ ያለው ነገሩ ክቡር ስለሆነ ነው። ስለዚህ የተጎዳ ሰው «አይሆንም» ሲል አጠገቡ ዝም ብሎ መቀመጥ፣ ሻይ አፍልቶ ማቅረብ፣ እስኪፈቅድ መጠበቅም ከእቅፍ አያንስም።

እቅፍ እንጀራ አይሆንም፤ የታመመ ሰውም ሐኪም ያስፈልገዋል። ሆኖም ብዙዎቻችን ማድረግ እየቻልን የምንነፍገው ገንዘብ የማያስወጣ ሐቅ ይህ ነው። በስልካችን የልብ ምልክት ለስንቱ እንልካለን፤ ግቢያችን ውስጥ ያለውን ታናሽ ወንድማችንን መጨረሻ ያቀፍነው ግን መቼ ነው?

ዛሬ ከጁሙዓ ስትመለሱ ወንድማችሁን ስትጨብጡ እጃችሁን ቶሎ አትንጠቁ። አባታችሁ ካላቀፋችሁ እናንተ ጀምሩ፤ ጉልበቱን ሳሙት። ምናልባት እሱንም ያቀፈው ሰው አልነበረም። ቤተሰባችሁ ሩቅ ከሆነ ድምፃችሁን አሰሙ። ወላጅ ያጣ ልጅ በሠፈራችሁ ካለ ራሱን ዳበስ አድርጉት።

አላህ ልባችንን በእዝነት ያለስልስ፤ እጃችንንም ለማጽናናት እንጂ ለመጉዳት የማይዘረጋ ያድርግልን። የተጨነቁትን ያረጋጋ፤ የተሰደዱትን በሰላም ወደ እናቶቻቸው እቅፍ ይመልስ። አሚን።