ቤታችን የትኛው ነው?

ቤታችን የትኛው ነው? ጥያቄው የሕፃን ይመስላል። በቴክሳስ የምንኖር የኢትዮጵያውያን ልጆች ግን አንድ ቀን መልሱን በጽሑፍ እንጠየቃለን። እንግሊዝኛው ለወላጆቻችን ስለሚከብድ የመኖሪያ ቤት ግብር ቅነሳ ማመልከቻውን የምንሞላው እኛ ነን።

ነገሩ ራሱ ከባድ አይደለም። ማመልከቻው ቁጥር 50-114 ይባላል፤ ክፍያ የለውም፤ ለአካባቢው የንብረት ግምት መሥሪያ ቤት ይሰጣል። የመንጃ ፈቃዱና የቤቱ አድራሻ መመሳሰል አለበት። ከ2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከቤቱ ግምት ላይ 140,000 ዶላሩ ለትምህርት ቤት ከሚከፈለው ግብር ነፃ ነው። ቤቱ 300,000 ቢገመት ግብሩ የሚታሰበው በ160,000 ላይ ነው። ከመቶው አንድ ዶላር ነው ብንል እንኳ 1,400 ዶላር ይተርፋል። ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ ለሚያድር አባት ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም።

ታዲያ ችግሩ የቱ ላይ ነው? ሁለተኛ ቤት ሲመጣ ነዋ! ቤተሰቡ አዲስ ቤት ይገባል፤ አሮጌው ይከራያል። ሕጉ የሚፈቅደው ለአንድ፣ ለሚኖሩበት ቤት ብቻ ነው። ያኔ «አንዱን በእኔ፣ አንዱን በእናትህ ስም ሙላው በቃ፤ ማን ያያል?» ይባላል። በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ ቢያንስ በአምስት ዓመት አንዴ እንዲጣራ ያዛል። እኛ ግን የምንጠይቀው ስለ መያዝ አይደለም። ባንያዝስ፣ ልክ ነው ወይ?

«መንግሥትን ማታለል ማንንም አይጎዳም» የሚሉ አሉ። እስቲ እንየው። ከትምህርት ቤቱ የጎደለውን በአብዛኛው የሚተካው የክፍለ ግዛቱ ግምጃ ቤት ነው። ቴክሳስ የደመወዝ ግብር የላትም፤ ትልቁ የግብር ገቢዋ የሽያጭ ግብር ነው። ይህን ደግሞ ሳሙና የገዛ ሁሉ ይከፍላል። በአሮጌው ቤታችን ያለው ተከራይም ይከፍላል። እሱ ግን ቅነሳ የለውም፤ ባለቤት አይደለማ! እንግዲህ ያታለልነው ማንን ነው? ትናንት እኛ የነበርነውን ሰው አይደለም?

በአገራችን አዋጅ ቁጥር 47/1967 ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ፈቅዶ የቀረውን «ትርፍ ቤት» ብሎ ወረሰ። ያ ቃል ዛሬም የብዙ ወላጆችን ሆድ ያስብሳል። የቴክሳሱ ሕግ ግን ትርፍ ቤት አይወርስም። ያኛው ቤት ወሰደ፤ ይኸኛው እውነተኛ ቃል ብቻ ይጠይቃል።

ሕጉስ ራሱ ፍትሐዊ ነው? ተከራይን የሚረሳ ሕግ ጎደሎ ነው እንላለን። የሕግ ጉድለት ግን በእኛ ውሸት ይሰፋል እንጂ አይሞላም።

ብዕሩ በእጃችን ነው። እንግዲያው በአክብሮት እንበላቸው፦ «አባባ፣ የሚኖሩበትን እሞላለሁ። ያኛው ንብረትዎ ነው፤ ቤትዎ ግን አይደለም።»