ምጽዋትና ስክሪንሹት

በስልክ ገንዘብ መላኪያው ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ መካኒሳ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሳይደርሱ ቤት ተቀምጦ መመጽወት ይቻላል። ስልክ ቁጥሩንና መጠኑን ማስገባት፣ የተቀባዩን ስም ማረጋገጥ፣ የሚስጥር ቁጥር መጻፍ፤ በቃ። ታዲያ ይህ ምጽዋት ነው? ነው እላለሁ፤ ምጽዋትን ምጽዋት የሚያደርገው የሰጪው ልብ እንጂ የእጅ ንክኪ አይደለም። እንዲያውም ስልኩ የተቸገረውን ሰው ከአደባባይ ዕፍረት ያድነዋል።

የሚያሳስበኝ ደረሰኙን ስክሪንሹት አንስቶ ቴሌግራም ላይ መለጠፉ ነው። «ሌላውን ያነሳሳል» የሚሉ አሉ፤ እውነት አላቸው፣ ስንት የሕክምና ወጪ በዚህ መንገድ ተሸፍኗል። ግን ያኔ ተረጂው ራሱ ፈቅዶ ቁጥሩን አውጥቷል። በዝምታ የተቀበለው ጎረቤት ስም ደረሰኙ ላይ ሲታይ ግን ገበናው ያለ ፈቃዱ አደባባይ ወጣ። መለጠፍ ግድ ከሆነ እንኳ፣ ኤዲት ውስጥ ገብቶ ስሙንና ስልኩን መሸፈን የደቂቃ ሥራ ነው።