ዛፍን ለማዳን መጋዝን መስበር ይገባልን?



ምድርንና በእርስዋ ላይ ያለውን ፍጥረት መጠበቅ የሰው ግዴታ መሆኑን ከመካከላችን የሚክድ የለም። ክርክር የሚነሣው ከዚህ ቀጥሎ ነው። ይኸውም ደኑን የሚያጠፋውን፥ ወንዙንም የሚበክለውን ሰው ለምነነው፥ ጽፈንለት፥ ከሰነውም አልሰማ ያለ እንደ ሆነ ምን እናድርግ የሚለው ጥያቄ ነው። መሣሪያውን ልንሰብርበት፥ መኪናውንም ልናቃጥልበት ይገባናልን? ጥያቄው ወጣቶች በተሰበሰቡበት ሁሉ ስለሚነሣ፥ በዚህች አጭር ጽሑፍ ልንመረምረው ወደድን።

አስቀድመን ስለ ምን እንደምንናገር እንወስን። እዚህ ላይ አሻጥር የምንለው፥ አንድ ጎጂ ሥራ እንዲቆም ሲባል የሌላውን ንብረት በስውር ማበላሸትን ነው። ሰውን ሆን ብሎ መግደል ከዚህ ውጭ ነው፤ እርሱ ክፉ መሆኑ አያከራክርምና። በአደባባይ ቆሞ እንቢ ማለትም ከዚህ ውጭ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ የአሻጥር ደጋፊዎች የሚሉትን በቅንነት እንስማ። እነርሱ እንደሚሉት ብረት ነፍስ የለውም፤ የተሰበረ መኪና በገንዘብ ይተካል። በሰሜን ካሊፎርኒያ የሚበቅለው ሬድውድ የተባለው ዛፍ ግን ከ1000 ዓመት በላይ ሊኖር ይችላል፤ እርሱ አንድ ቀን ከተቆረጠ የልጅ ልጆቻችንም ተተኪውን አያዩትም። ሕግ ደግሞ ቀርፋፋ ነው፤ ፍርድ ቤቱ ቀጠሮ ሲሰጥ መጋዙ አያርፍም። አንድርያስ ማልም የተባለው ስዊድናዊ ምሁር በ2021 በታተመ መጽሐፉ፥ የአየር ንብረትን ለማዳን የተነሡ ሰዎች ከልክ በላይ ሰላማውያን መሆናቸውን ነቅፎ፥ ነዳጅ የሚያቃጥለውን መሣሪያ ማበላሸት ተገቢ እንደሆነ ተከራክሯል። መጽሐፍ ቅዱስን የሚያውቁትም ጌዴዎን የአባቱን የበኣል መሠዊያ በሌሊት ማፍረሱን ይጠቅሳሉ። እንግዲህ ይህ ክርክር ተራ ሁከት ነው ተብሎ የሚጣል አይደለም። በመሆኑም በሦስት ጥያቄ እንፈትነው።

አንደኛው ጥያቄ፥ ንብረትን ብቻ እንጂ ሰውን አንነካም የሚለው ቃል ሊጠበቅ ይችላልን? የሚል ነው። በአሜሪካ አንዳንድ የደን ተከራካሪዎች በዛፍ ግንድ ውስጥ ረጅም ምስማር ይመቱ ነበር። አሳባቸው፥ ኩባንያው መጋዜ ይሰበርብኛል ብሎ ስለሚፈራ ዛፉን ይተወዋል የሚል ነበር። በግንቦት ወር 1987 ግን በካሊፎርኒያ ክሎቨርዴል በምትባል ከተማ፥ በእንጨት መሰንጠቂያ ፋብሪካ ይሠራ የነበረ የ23 ዓመት ወጣት ላይ አደጋ ደረሰ። መጋዙ በግንዱ ውስጥ ከተቀበረ ምስማር ጋር ተጋጭቶ ተሰበረና ፊቱን መታው፤ መንጋጋው ተሰበረ፥ ጥርሶቹም ረገፉ። ምስማሩን የመታው ማን እንደ ሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ዛፉ ይቆረጥ ብሎ የወሰነው ባለ ሀብት በዚያች ሰዓት በመጋዙ አጠገብ አልነበረም፤ በዚያ የነበረው በቀን ደመወዝ የሚተዳደር፥ ዕድሜው ከእኛ የማይርቅ ሠራተኛ ነው። በሰሜን ካሊፎርኒያ ለደን ይታገሉ ከነበሩት መሪዎች አንዷ ጁዲ ባሪም ከባልደረቦችዋ ጋር በ1990 ይህን ዘዴ በይፋ ካዱት። የደኑም የሠራተኛውም ጠላት አንድ ነው፥ ሠራተኛውን የሚያቈስል ትግል የራሱን ወገን ያቈስላል የሚል ነበር ምክንያታቸው።

ሌላም ምሳሌ አለ፤ በዚህኛው አሻጥሩን የፈጸመው መንግሥት ነው። በሐምሌ ወር 1985 የፈረንሳይ የስለላ ሠራተኞች ኦክላንድ በተባለው የኒውዚላንድ ወደብ ቆማ የነበረችውን፥ የኒውክሊየር ሙከራን የምትቃወመውን ሬይንቦው ዋርየር የተባለች መርከብ በሁለት ፈንጂ አሰጠሟት። ፈንጂው የታለመው በመርከቢቱ ላይ ነበር። ነገር ግን ፈርናንዶ ፔሬይራ የተባለ ፎቶግራፍ አንሺ በውስጧ ሰጥሞ ሞተ። ከዚህ የምንማረው፥ በጨለማ የሚሠራ ሰው በጨለማው ውስጥ ማን እንዳለ ሁሉን ሊያውቅ እንደማይችል ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ የፈሰሰ እህል ይለቀማል፥ የጠፋች ነፍስ ግን አትለቀምም።

ሁለተኛው ጥያቄ፥ አሻጥር የታሰበለትን ፍሬ ያስገኛልን? የሚል ነው። በኅዳር ወር 1986 ሲ ሼፐርድ የተባለው ማኅበር ሁለት አባላት በአይስላንድ ዋና ከተማ በሬይክያቪክ ወደብ በሌሊት ገብተው፥ ከአራቱ የዓሣ ነባሪ አደን መርከቦች ሁለቱን ውኃ አስገብተው አሰጠሙ። ሰው አልተጎዳም። መርከቦቹ በኋላ ከባሕር ቢወጡም ዳግመኛ ለአደን አልተሰማሩም። ይህ ለደጋፊዎቹ ትልቅ ማስረጃ ነው፤ እኛም አንሸሽገውም። ሆኖም አደኑ በቀሩት መርከቦች ቀጠለ። በ1989 አይስላንድ አደኑን ያቆመችው፥ በአሜሪካና በምዕራብ ጀርመን ብዙ ሸማቾችና ነጋዴዎች የአይስላንድን ዓሣ አንገዛም ባሉበትና የዲፕሎማሲው ግፊት በበረታበት ጊዜ ነው። በ2006 ደግሞ ለንግድ የሚደረገውን አደን እንደገና ጀመረች። እንግዲህ መርከብን ማስጠም ቀላል ነው፤ የአንድን አገር ሕዝብ አሳብ መለወጥ ግን ሌላ ሥራ ነው።

የሬይንቦው ዋርየርም ነገር ይህንኑ ያጸናል። መርከቢቱን ያሰጠሙት ሰዎች ተቃውሞውን ዝም ለማሰኘት አስበው ነበር፤ የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። የዓለም ሕዝብ ለተጠቃው ወገን አዘነ፤ ኒውዚላንድም በ1987 የኒውክሊየር መሣሪያ በምድሯና በወደቧ እንዳይገባ በሕግ ከለከለች። የሰው ልብ ወደ ተበደለው ያዘነብላል። ስለዚህ ዛሬ በኩባንያው ንብረት ላይ አሻጥር የሚሠራ ወጣት፥ በዳዩን ኩባንያ ተበዳይ አስመስሎ ለሕዝብ እንዳያቀርብ ሊፈራ ይገባዋል።

ሦስተኛው ጥያቄ ሥራው በሚሠራው ሰው ነፍስ ላይ ምን ያደርጋል? የሚል ነው። በአሜሪካ ከሰሜን ዳኮታ ተነሥቶ 1,886 ኪሎ ሜትር ያህል የሚጓዝ የነዳጅ ቧንቧ ሲዘረጋ፥ ሁለት ክርስቲያን ሴቶች በአዮዋ ክፍለ ግዛት በ2016 እና በ2017 የግንባታ መኪናዎችን አቃጠሉ፤ ነዳጅ ያልገባበትንም ቧንቧ በሱት። አስቀድመው አቤቱታ ፈርመዋል፥ በስብሰባ ተናግረዋል፥ ጾመዋልም። በሐምሌ ወር 2017 ማንም ሳይዛቸው በጋዜጠኞች ፊት ቆመው ያደረግነው እኛ ነን አሉ። አንደኛዋ በ2021 የ8 ዓመት፥ ሁለተኛዋ በ2022 የ6 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው፤ ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይም ካሳ ተወሰነ። ነዳጁ ግን ከሰኔ ወር 2017 ጀምሮ በቧንቧው መፍሰሱን አላቋረጠም።

በእነዚህ ሴቶች ላይ ለመፍረድ አንቸኩልም። ያደረጉትን ገልጠው ቅጣቱን መቀበላቸው፥ ምስማር መትቶ ከተሰወረው ሰው እጅግ ይለያቸዋል። ጌዴዎንም ቢሆን ያፈረሰው የገዛ አባቱን መሠዊያ ነው፤ በሌሊት የሠራውም ስለ ፈራ እንደ ሆነ መጽሐፉ አልሸሸገም። ጌታችን በመቅደስ የለዋጮችን ገበታ የገለበጠው ግን በቀን፥ በሕዝብ ፊት ነው፤ ከዚያም ወደ መቅደሱ ተመልሶ ያስተምር ነበር። ገልብጦ መቆምና ገልብጦ መሸሽ አንድ አይደሉም። የሚሸሽ ሰው ውሎ አድሮ መዋሸትን፥ ወዳጁን መጠርጠርን፥ ለራሱ ብቻ ዳኛ መሆንን ይለምዳል። የቆመ ሰው ግን ተሳስቶ እንደ ሆነ የሚያርመው ያገኛል።

ታዲያ ሌላ መንገድ አለን? አለ። በሕንድ በሂማልያ ተራራ ሥር በምትገኘው በሬኒ መንደር በ1974 ጋውራ ዴቪ የተባለች ባልቴት የመንደሩን ሴቶች አስከትላ በዛፎቹና በቆራጮቹ መካከል ቆመች፤ ቆራጮቹም ተመለሱ። ከዚያ የተስፋፋው እንቅስቃሴ በ1980 በዚያ ክፍል ተራሮች ላይ ለ15 ዓመት ዛፍ እንዳይቆረጥ የሚከለክል ውሳኔ አስገኘ። በካሊፎርኒያም ጁልያ ሂል የተባለች ወጣት ከ1997 እስከ 1999 ድረስ ለ738 ቀን በአንድ ሬድውድ ዛፍ ላይ ተቀምጣ ዛፉ እንዳይቆረጥ ስምምነት አስፈረመች። በ2000 ግን ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ያንኑ ዛፍ በሞተር መጋዝ እስከ ግማሹ ድረስ ቈረጠው። አሻጥር ለማንም እጅ የሚመች መሣሪያ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን፤ እኛ ካነሣነው ጠላታችንም ያነሣዋል።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ተቃውሞ ይቀርብልናል። በአደባባይ የቆሙትም ሁልጊዜ አያሸንፉም። በዚያው ቧንቧ ጉዳይ የስታንዲንግ ሮክ ነባር ሕዝቦች ተሰልፈው፥ ተከራክረው በ2020 ፍርድ ቤት ቧንቧው ይዘጋ ብሎ ቢወስንላቸውም፥ በይግባኝ መዘጋቱ ታገደ። ይህ እውነት ነው፤ ያሳዝናልም። ነገር ግን ሁለቱም መንገዶች ሊሸነፉ የሚችሉ ከሆኑ፥ ምርጫችን ተሸንፈን ስንነሣ ምን ይቀርልናል በሚለው ላይ ይቆማል። ከአሻጥር በኋላ የሚቀረው እስር ቤትና ፍርሃት ነው። ከአደባባይ ትግል በኋላ ግን የተማረ ሕዝብ፥ የተጻፈ ክስና ነገ የሚቀጥል ማኅበር ይቀራል።

በአገራችንም በደቡብ ጎንደር ከጥንቱ ደን የተረፈው አብዛኛው በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ያለው ነው። ያን ደን ያቆየው ምሣር የሚሰብር ሰው አይደለም፤ ይህ አይቆረጥም ብሎ የተስማማ ሕዝብ ነው።

ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፥ ፍርዳችን ይህ ነው። የሰውን ሕይወት አደጋ ላይ የሚጥል አሻጥር ለማናቸውም ዓላማ አይፈቀድም። ሰውን የማይነካውም ቢሆን ደካማ መሣሪያ ነው፤ የሚሠራውንም ሰው ከወገኑ ይለየዋል። ይህን ስንል ግን በቤታችን ተቀምጠን ዝም ለማለት ምክንያት ማበጀታችን እንዳይሆን እንጠንቀቅ። አሻጥርን የሚነቅፍ አፍ፥ በአደባባይ የሚቆም እግር ከሌለው፥ የጁልያ ሂልን 738 ቀን ሊያመሰግን አይገባውም። ደኑ ሲጠፋ እያየ ዝም ያለ ሰው መጋዙን ባይሰብርም ከመጋዙ ጋር ተባብሯል።