ስለ ጀማሪ ታንኳ

ልጆቼ፣ ሰው መሣሪያ የሚመርጠው ለሥራው ነውን ወይስ ዳር ቆሞ ለሚያየው? በሐዋይ ደሴቶች ሰዎች በሳንቃ ላይ ቆመው የባሕር ማዕበል ይጋልባሉ። የሠለጠኑት አጭርና ቀጭን ሳንቃ ይይዛሉ፤ ለጀማሪ የሚበጀው ግን ረዥም፣ ሰፊና ወፍራም ነው፤ ቶሎ አይገለበጥምና። ጀማሪውን ግን ሰፊውን መያዝ ያሳፍረዋል። ይህ እፍረት ጨዋነት ይመስላል፤ እኔ ትዕቢት ነው እላለሁ፤ ያልደረሱበትን ማዕረግ በዕቃ ለመግዛት መፈለግ ነውና።

ከአዴት ወደ ባሕር ዳር የምትወርዱ የጣናን ታንኳ እዩ። የታሰረው ከደንገል ነው፤ ውሎ ሲያድር ውኃ እየመጠጠ ይከብዳል፤ ስለዚህ አውጥተው ፀሐይ ያስመቱታል። ብልህ ጀማሪ እንግዲህ መልኩን ትቶ እስሩን በእጁ ይፈትሻል፤ መድረቁንም ይጠይቃል፤ መቅዘፍ እስኪለምድም ከዳር አይርቅም። የሚስቅበት አይጠፋም። ይሳቅ፤ ሐይቁ እንደ ሆነ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር አያንስም፤ የዳር ሰው ሳቅ መካከሉ ድረስ አይሰማም።