የአገልግሎት ጉዞና የወጣቶቻችን እምነት

ትምህርት ቤቶች ለክረምት በሚዘጉበት ወራት በየቁምስናው ያሉ ወጣቶች ለአገልግሎት ጉዞ ይነሣሉ። አንዳንዶቹ የአቅመ ደካማ አረጋውያንን ቤት ይጠግናሉ፤ ሌሎቹም ቅድስት ተሬዛ ዘካልካታ የመሠረቱት ማኅበር ደናግል ወደሚያስተዳድሯቸው ቤቶች ሄደው ጧሪ ያጡ ሕሙማንን ያጥባሉ፣ ያጎርሳሉ። እነዚህ ደናግል በአዲስ አበባ ሥራቸውን የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። ወላጆችም ሆኑ እኛ ካህናት ወጣቶቹን የምንልከው እምነታቸው እንዲጠነክር በማሰብ ነው።

ሐሳቡ መልካም ነው። ይሁንና ሳንመረምረው ልናልፈው የማይገባን አንድ የግብረ ገብ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም፦ የልጆቻችን እምነት ያድግ ዘንድ ወደ ድኻው ደጅ ስንልካቸው፣ ድኻውን መማሪያ ማድረጋችን አይደለምን? የሚል ነው። በእግዚአብሔር አርአያ የተፈጠረ ሰው የማንም መጠቀሚያ፣ የመንፈሳዊ እድገት መሣሪያም ቢሆን፣ ሊሆን አይገባውም።

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ስለ መጨረሻው ፍርድ የተነገረውን እናስተውል። ጻድቃኑ የተራበውን ያበሉት፣ የታመመውንም የጠየቁት ጌታን እያገለገሉ መሆናቸውን ሳያውቁ ነበር፤ በፍርድ ቀንም ተደንቀው መቼ እንዳዩት ይጠይቃሉ። የተራበውን ያበሉት ስለ ራበው ነው እንጂ ራሳቸውን ለማነጽ አልነበረም። እንግዲህ የእምነት እድገት የአገልግሎት ፍሬ ነው እንጂ ዓላማው አይደለም። ፍሬውን ብቻ ፈልጎ የሚሄድ ሰው ሰውየውን ሳያይ ይመለሳል።

ፍሬድሪክ ኦዛናም በፓሪስ ተማሪ ሳለ፣ ከማያምኑ ጓደኞቹ ዘንድ እናንተ ዛሬ ለድኾች ምን ታደርጋላችሁ የሚል ነቀፌታ ደረሰበት። እርሱና ባልንጀሮቹ በክርክር ብቻ ከመመለስ ይልቅ እ.ኤ.አ. በ1833 ኋላ የቅዱስ ቪንሰንት ደ ፖል ማኅበር የተባለውን አቋቋሙ። ኦዛናም ያን ጊዜ የሃያ ዓመት ወጣት ነበረ። ወጣቶቹ ወደ ማን ቤት እንደሚሄዱ ያመለከቷቸው፣ በድኾች ሰፈር ለብዙ ዘመን ያገለገሉት እኅት ሮዛሊ ረንዱ ነበሩ፤ ድኻውን በትዕግሥትና በአክብሮት መቅረብንም አስተማሯቸው። ድኻውን በገዛ ቤቱ መጎብኘት የማኅበሩ ዋነኛ ሥራ ሆነ።

የቶሪኖው ፒየር ጆርጆ ፍራሳቲ በዚሁ ማኅበር የገባው በ1918 ነው። ከባለጸጋ ቤት ቢወለድም ለድኾች የሚያደርገውን ሁሉ ይሰውር ነበር። በ1925 በፖልዮ በሽታ ሊሞት ሲል፣ ሽባ በሆነ እጁ ስለ አንድ ድኻ ሕመምተኛ መድኃኒት ማስታወሻ ጻፈ። በቀብሩ ቀን የከተማይቱ ድኾች በብዛት ሲመጡ ቤተሰቡ ተደነቀ። ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. መስከረም 7 ቀን 2025 ቅድስናውን አወጀች።

ሁለቱም ያገለገሉት ቤቱን፣ ስሙንና ችግሩን ያወቁትን ሰው ነው። ስሙ ያልታወቀ ድኻ መማሪያ ሆኖ ይቀራል፤ ስሙ የታወቀ ግን ወንድም ይሆናል። ወጣቱም ሊሰጥ ሄዶ ተቀባይ ይሆናል፤ ያጎረሷት አሮጊት እጇን ዘርግታ ስትመርቀው፣ ጸጋ በሥራ የማይገዛ ስጦታ መሆኑን ይረዳል። ደግሞም ሊፈውሰው የማይችለውን ሕመም ያያል። ባለፈው ሳምንት ያጠበው ሰው መሞቱን ሲሰማ፣ በትምህርተ ክርስቶስ ክፍል ያጠናው መልስ አይበቃውም። ያን ጊዜ ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቡ ይጸልያል።

ለጉዞው የሚወጣው ገንዘብ በቀጥታ ለድኾች ቢሰጥ ይሻላል የሚሉ አሉ። የተቸገረው ሰው የሚሻው እህል ወይም መድኃኒት ብቻ ከሆነ እውነት አላቸው፤ ገንዘቡ ይላክለት። ነገር ግን ጠያቂ ያጣ ሕመምተኛ አጠገብ ገንዘብ ሊቀመጥለት አይችልም።

ስለዚህ ጉዞ የምታዘጋጁ ሁሉ፣ አስቀድማችሁ የሚያስፈልገውን ከባለቤቱ ጠይቁ፤ እናንተ የመረጣችሁትን ሥራ አትጫኑበት። የማንንም መከራ በስልክ ፎቶግራፍ አንሥታችሁ አታሳዩ። ከተመለሳችሁ በኋላም በቅዱስ ቁርባን ፊት ተሰብስባችሁ ያገኛችኋቸውን ሰዎች በየስማቸው አስቡ፤ ቢቻላችሁም ተመልሳችሁ ጠይቋቸው።

ውድ ወላጆች ሆይ፣ የጉዞው ፍሬ የሚመዘነው በቤታችሁ ነው። የማያውቃቸውን አረጋዊ እግር አጥቦ የመጣ ልጅ፣ በእድሜ እኩያው የሆነችውን የቤት ሠራተኛ በምን ቃል እንደሚጠራት አድምጡ፤ ደክመው የተኙትን አያቱን ሳይነገረው ውኃ ያቀብላቸው እንደ ሆነ ተመልከቱ። ይህን ካላደረገ ጉዞው ገና አላለቀም፤ የቀረውን መንገድ አብራችሁት ሂዱ።