ለእኛ የማይረባን ነገር ስጦታ ይሆናልን?

ውድ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወንድሞችና እኅቶች፤ በዚህ ጽሑፍ የማነሣው ጥያቄ ከመጽሐፍ ያገኘሁት ሳይሆን ከጓሯችን ያገኘሁት ነው። ጥያቄውም፦ ሰው ያረጀበትንና ቦታ ያጣበበበትን ነገር ከቤቱ ሲያወጣ ለማንና እንዴት አድርጎ ማውጣት ይገባዋል? የሚል ነው። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ለእኔም ቀላል መስሎኝ ነበር።

እዚህ ቆቦ፣ ከቤታችን ጓሮ ካለው የቁርቁራ ዛፍ ሥር፣ አያቴ የገዙት አሮጌ ላንድ ሮቨር ቆሞ ነበር። በደኅናው ዘመን ከሮቢትና ከጎብዬ ማሽላ አመላልሷል፤ ምጥ የጠናባቸውን እናቶች ወልድያ አድርሷል። ከቆመ ግን ብዙ ዓመት ሆኖት ነበር። ዶሮዎች እንቁላል ይጥሉበታል፤ የጎረቤት ሕፃናትም መሪውን እየጠመዘዙ አዲስ አበባ ደርሰው ይመለሱበታል። ጾመ ነቢያት ተጋምሶ ገና ሲቃረብ ቁርጥራጭ ብረት የሚገዛ አንድ ወጣት በራችንን አንኳኳ። ብረት ገዢ በበዓል ሰሞን የሚበረታው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ያን ጊዜ ለቅርጫና ለልጆች ልብስ ገንዘብ የማይቸግረው ቤት ጥቂት መሆኑን ያውቃል።

በዚህ ጊዜ ቤተሰባችን በሦስት ሐሳብ ተከፈለ። እናቴ በኪሎ ተሸጦ ለበዓሉ ይዋል አሉ። አጎቴ ደግሞ ደላላ አለኝ፤ ሰሌዳውና ሊብሬው ስላለ ቀለም ተቀብቶ እንደሚሠራ መኪና ይሸጥ አሉ። እኔ ግን ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት የመጣሁ ልጅ ስለ ነበርኩ ከሁሉም የሚበልጥ ሐሳብ ያመጣሁ መስሎኝ ለቤተ ክርስቲያን እንስጠው አልኩ። አባቴ ዝም አሉ፤ መኪናው የአባታቸው ነውና።

ከራሴ ሐሳብ ልጀምር። ለንስሐ አባታችን ባማከርኳቸው ጊዜ ፈገግ ብለው፣ «ልጄ፣ ቤተ ክርስቲያኗ በምን ታነሣዋለች? የት ታቆመዋለች?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አጣሁ። ለካ ልሰጥ ያሰብኩት መኪናውን ሳይሆን ሸክሙን ኖሯል፤ በምትኩ ልቀበል ያሰብኩትም በእሑድ ጉባኤ ስማችን ሲጠራ መስማት ነበር። ንጉሥ ዳዊት በኦርና አውድማ መሥዋዕት ሊያቀርብ በወደደ ጊዜ ኦርና በሬውንም እንጨቱንም በነፃ ቢሰጠው ዋጋ ያልከፈለበትን ለአምላኩ ላለማቅረብ ገንዘብ ከፍሎ ገዛ። ነቢዩ ሚልክያስም ዕውሩንና አንካሳውን እንስሳ ወደ መሠዊያ የሚያመጡትን ይወቅሳል።

አንዳንዶች ግን፣ እንዲህ ከሆነ ያረጀ ልብስ መስጠትም ኃጢአት ሊሆን ነው ይሉ ይሆናል። አይደለም። መጥምቁ ዮሐንስ ሁለት ልብስ ያለው ለሌለው እንዲያካፍል አስተምሯል፤ ትርፉ ልብስ ለባለቤቱ ባያስፈልገው እንኳ ለታረዘው ሕይወት ነው። ስለዚህ መለኪያው እኔ ነገሩን መፈለጌ ወይም አለመፈለጌ ብቻ አይደለም። የሚቀበለው ሰው ይጠቀምበታል ወይስ ይቸገርበታል? ይህ ነው መጠየቅ ያለበት።

አሁን ወደ አጎቴ ሐሳብ እንለፍ። በአገራችን መኪና በቀላሉ አይሞትም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ አሮጌ መኪናዎች ላይ ከባድ ግብር ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚህም ምክንያት እዚሁ ያለው አሮጌ ሁሉ ተፈላጊ ሆነ። የደላላው ዋጋም ከኪሎው ዋጋ እጅግ ይበልጥ ነበር። ነገር ግን የመኪናው ሻንሲ ተሰንጥቋል፤ ፍሬኑም አይታመንም። ይህን በቀለም ሸፍነን ብንሸጠው ነገ ከአላማጣ በላይ ባለው በግራካሱ ጠመዝማዛ ላይ ሰው ጭኖ ይወጣል። በሙሴ ሕግ በሬው ተዋጊ መሆኑ ተነግሮት ያልጠበቀው ባለቤት፣ በሬው ሰው ቢገድል ከደሙ ንጹሕ አይደለም። እኛስ የመኪናችንን ቀንድ እያወቅን ብንሸጠው ምን ልንባል ነው? ሸጫለሁና አያገባኝም ማለት አይቻልም፤ ገንዘቡ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ዕውቀቱ ከእኛ ጋር ይቀራልና።

የቀረው የእናቴ ሐሳብ ነበር፤ እርሱም ቢሆን ፈተና አላጣውም። ላንድ ሮቨር እ.ኤ.አ. በ1948 መሠራት ሲጀምር እንግሊዝ አገር ከጦርነቱ የተነሣ ብረት አጥሮ ስለ ነበር አካሉ በአብዛኛው ከአሉሚኒየም ተሠራ። አሉሚኒየም ደግሞ ከብረት ይወደዳል። ብረት ገዢው ሁሉንም በብረት ዋጋ ሊመዝን ፈለገ። በእኛም በኩል ታናሽ ወንድሜ ክብደት እንዲጨምር በወለሉ የተጠራቀመውን አፈርና ድንጋይ እንተወው ብሎኝ ነበር፤ እኔም አልተቆጣሁትም። ሐሰተኛ ሚዛን ሁለት ወገን እንዳለው ያን ዕለት ገባኝ። እኛ አፈሩን አውጥተን ከጣልን በኋላ ነው ስለ አሉሚኒየሙ አፋችንን ሞልተን የተናገርነው። ወጣቱም አልተቃወመም፤ ለየብቻ መዘነው። ሰው ቆራሌ እያለ በንቀት የሚጠራው ይህ ልጅ እንደ እኔው የሃያ ዓመት ጎልማሳ ነው፤ ለእናቱ የገና ወጪ የሚልክ።

እዚህ ላይ ስለ ብረት አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት በከተማችን አልፏል። የፕሪቶሪያው ስምምነት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ቢፈረምም ያልፈነዳ ተተኳሽ በየሜዳው ቀርቶ ብረት የሚለቅሙ ሕፃናትን እንደሚጎዳ እናውቃለን። ብረት ዋጋ ሲያወጣ ሕፃናት ፍለጋ ይወጣሉ። ስለዚህ ገዢም ሻጭም፣ ታላቅ ወንድምም፣ ብረቱ ከየት መጣ ብሎ መጠየቅ ግዴታው ነው። የማይታወቅ ነገር ስታዩ አትንኩ፤ ለሚመለከተው አካል አመልክቱ።

በመጨረሻ መኪናው በኪሎ ተሸጠ። ሰሌዳውንና ሊብሬውን አባቴ ለመሥሪያ ቤቱ መለሱ። የሞተሩን ዘይት መሬት ላይ አላፈሰስንም፤ የራያ ሜዳ የሚጠጣውም የሚያለማውም በከርሰ ምድር ውኃ ነውና። ባሌስትራውን አባቴ ለአንጥረኛ ሰጥተው ማረሻና ማጭድ አስቀጠቀጡ፤ ማረሻውንም በሬ እንጂ ማረሻ ላልነበረው ጎረቤታችን ሰጡ። ያገኘነው ገንዘብ ለአንድ የቅርጫ መደብና ለጥቂት ነገር በቃ እንጂ አጎቴ እንዳሉት አልሆነም፤ እርሳቸውም እስከ ጥምቀት ድረስ አኩርፈውን ቆዩ። ከገንዘቡ ለቤተ ክርስቲያን የሰጠነው ጥቂት ነው፤ ሆኖም ማንም ሊሸከመው አልተቸገረም።

አባቴ በገና ዋዜማ ከቁርቁራው ሥር ቆመው ባዶውን ቦታ ሲያዩ አገኘኋቸው። የማይረባን ነገር ስል የነበረው ለእኔ እንጂ ለእርሳቸው እንዳልነበረ ያን ጊዜ አወቅሁ። ከቤታችን ለእግዚአብሔር በእውነት ዋጋ ከፍሎ የሰጠ ሰው ካለ እርሳቸው ናቸው።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ በዚህ በዓል ከቤታችን የምናወጣውን ነገር ስንመርጥ ተቀባዩን እንጠይቅ፤ ጉድለቱን አንደብቅ፤ ሚዛኑንም ከራሳችን ወገን ጀምረን እናስተካክል።